ጃንጥላ የያዘችው ዶሮ

በሱቄ ደብተር ውስጥ አንዲት ዶሮ ጃንጥላ ይዛለች።

ጃንጥላውን ላጥፋው ወይስ ልተወው? እስካሁን አላወቅኩም።

«ዶሮ ደግሞ ጃንጥላ ምን ያደርግላታል?» አላችሁ? ጠጋ በሉ፣ ልንገራችሁ።

እኔ ይታይሽ እባላለሁ። መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጨው አለኝ። ስኳር አለኝ። ሳሙና አለኝ። ሚስማርም አለኝ።

ስመኝ የምትባል ልጅም አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነው። ከባንኮኒው ኋላ ስኳር ጆንያ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ሆና ሁሉን ታያለች።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ቁጥር አውቃለሁ። ፊደል ግን አንዳንዱን አውቀዋለሁ፣ አንዳንዱ ይጠፋብኛል።

ስለዚህ ደብተሬ ላይ የሰው ስም አልጽፍም። ሥዕል እሥላለሁ!

አባባ ቢሻው ፀሐይ ቢሆን ጃንጥላ፣ ዝናብ ቢሆን ጃንጥላ። ስለዚህ በእሳቸው ገጽ ላይ ጃንጥላ አለ።

ደመላሽ ባለጋሪ ነው። በእሱ ገጽ ላይ የጋሪ ጎማ አለ።

እማማ ደብሪቱ ዶሮ ያረባሉ። በእሳቸው ገጽ ላይ ዶሮ አለች። ጭራዋ ትንሽ ወፍሯል። እኔ የሣልኩት ስለሆነ ነው።

ከሥዕሉ በታች ደግሞ የወሰዱትን አደርጋለሁ። ጨው ነጥብ ነው። ሳሙና ሳጥን ነው። ሚስማር ጭረት ነው።

እማማ ደብሪቱ በወሰዱት ፈንታ እንቁላል ያመጣሉ። አባባ ቢሻው ማር ያመጣሉ። ያን ጊዜ ላጲሴን አነሳለሁ። ፈግ! ፈግ! ፈግ! ይጠፋል።

በዚህ ደብተር ማንም ከማንም ተጣልቶ አያውቅም።

እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ።

ቅዳሜ ገበያ ነው። በዚያች ዕለት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ጠጠጠጠጠ!

እማማ ደብሪቱ ራሳቸው ላይ ፌስታል አድርገው መጡ። ከአፍንጫቸው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። ጠብ! ጠብ!

«አንድ ጨው ስጪኝ፣ ይታይሽ» አሉ። ዶሮዋ ሥር አንድ ነጥብ አደረግኩ።

ከዚያ ወደ ስመኝ ጎንበስ አሉ። «ስመኝዬ፣ ዶሮዬ አሥራ ሁለት እንቁላል ታቅፋለች። ሲፈለፈሉ አንዷ ጫጩት ያንቺ ናት። ቢጫዋ!»

«የኔ? የራሴ?»

«የራስሽ! አራት ቀን ብቻ ጠብቂ።»

እማማ ደብሪቱ ፌስታላቸውን ደፍተው ወደ ዝናቡ ወጡ። ስመኝ በበሩ አየቻቸው። ጀርባቸው በስብሷል። ነጠላቸው በስብሷል።

ከዚያ ደብተሩን አየች። ገጹ እንደተከፈተ ነው። ዶሮዋም ጃንጥላ የላትም!

ስመኝ እርሳሱን አነሳች። ከዶሮዋ በላይ ትልቅ፣ ክብ፣ የሚያምር ጃንጥላ ሣለች።

«አሁን አትበሰብሺም» አለቻት።

እኔ ስኳር እየመዘንኩ ነበር። አላየሁም።

ወዲያው ሱቋ በሰው ተሞላች። «ሳሙና!» «ስኳር!» «ለእኔ መጀመሪያ!» «እኔ ነኝ የቀደምኩት!»

አባባ ቢሻውም መጡ። «ይታይሽ፣ ጣሪያዬ አለቀልሽ! ድስት ባስቀምጥ ሞላ። ባልዲ ባስቀምጥ ሞላ። አሁን ጫማዬን ላስቀምጥ ነው! ሁለት ኪሎ ሚስማር ስጪኝ!»

ሚስማሩን ሰጠኋቸው። ደብተሩን ስስብ ጃንጥላ አየሁ። ዶሮዋ ግን በአውራ ጣቴ ተሸፍና ነበር።

ጭረት አንድ። ጭረት ሁለት። በችኮላ!

ስመኝ አየች። ከጆንያው ላይ ብድግ አለች። «እማዬ! ያ እኮ—»

«ቆይ ስመኝዬ! አሁን አይደለም!» አልኳት። ሳሙና የሚፈልግ ሰው ቆሟል።

«እማዬ! ደብተሩ እኮ—»

«ቆይ ስመኝዬ! አሁን አይደለም!» ስኳር የሚፈልግ ሰው ቆሟል።

«እማዬ! ዶሮዋ—»

«ቆይ ስመኝዬ! አሁን አይደለም!»

በዚህ መሀል ደመላሽ ገባ። የራሰ ክንዱን ደብተሩ ላይ አሳረፈ።

እኔ ጮኽኩ! «ክንድህን አንሣ! ደብተሬን ማንም አይንካብኝ! ደብተሬ ከተበላሸ ሱቋ ባዶ ትቀራለች!»

ስመኝ ሰማች። ሱቋ ባዶ? ጨው የሌላት? ስኳር የሌላት?

ልቧ መታ። ድው! ድው! ድው!

ፊቴን ሳዞር ጠብቃ የገጹን ጫፍ ከላይ ወደ ታች አጠፈችው። እጥፍ! ጃንጥላው ተደበቀ።

ዶሮዋ፣ ነጥቧና ጭረቶቹ ብቻ ቀሩ።

በማግስቱም ዝናቡ አላቆመም። ጠጠጠጠጠ!

እማማ ደብሪቱ ሁለት እንቁላል በእጃቸው ይዘው መጡ። «ለትናንቱ ጨው» አሉ። ሱቋ ውስጥ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ።

የዶሮዋን ገጽ ከፈትኩ። «እማማ፣ ሚስማሩስ?»

«የምን ሚስማር?»

«ሁለት ኪሎ ሚስማር። ይኸው፣ ሁለት ጭረት።»

«እኔ ሚስማር ምን ያደርግልኛል? ዶሮዬ ቤት ልትሠራ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ደብተሬን አምነዋለሁ። ከደብተሬ ሌላ ምን አለኝ?

«ደብተሩ ላይ አለ እኮ፣ እማማ። ወስደው ረስተውት እንዳይሆን።»

ሳቁ ቆመ። 

እማማ ደብሪቱ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አሉ። «እኔ? የሰው ዕቃ ወስጄ እረሳለሁ? እኔ ደብሪቱ?»

እንቁላሎቹን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ፌስታላቸውን እንኳ ራሳቸው ላይ አላደረጉም።

ስመኝ ባንኮኒው ሥር ገብታ ተሸጎጠች። ድው! ድው! ድው!

ብዙም ሳይቆዩ እማማ ደብሪቱ ተመለሱ። በነጠላቸው ሥር አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። ቁቅ! ቁቅ! ቁቅ!

ዶሮዋ ናት! እግሯ ታስሯል።

«የሰው ዕቃ በላች ከምባል ዶሮዬን ውሰጃት» አሉ። ባንኮኒው ላይ አስቀመጧት። ስመኝን ሳያዩዋት ወጡ።

 ዶሮዋን አየኋት። ዶሮዋም አየችኝ። ቁቅ?

ደመላሽ በር ላይ ቆሟል። ጋሪው ተጭኗል። «ወደ ከተማ እየሄድኩ ነው፣ እህቴ። ዶሮዋን እዚያ ልሽጥልሽ?»

«እ… እሺ፣ ውሰዳት» አልኩ። 

ዶሮዋ ጋሪ ላይ ወጣች። ፈረሱ ተነሳ። ኮ! ኮ! ኮ! ኮ!

ስመኝ ባንኮኒው ሥር ሆና አሰበች። ዶሮዋ ከሄደች እንቁላሎቹን ማን ያቅፋቸዋል?

በጣቷ ቆጠረቻቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አሥር። ጣቶቿ አለቁ። ገና ሁለት እንቁላል ቀርቷል! ያ ሁሉ እንቁላል ብቻውን ነው። ያ ሁሉ እንቁላል ይበርደዋል።

«እማዬ!»

«ቆይ ስመኝዬ! አሁን አይ—»

«አሁን ነው!»

ስመኝ ባንኮኒው ላይ ወጣች። ደብተሩን ከፈተች። የታጠፈውን ገለጠችው።

ጃንጥላ! ከጃንጥላው በታች ዶሮ። ከዶሮዋ በታች ሁለት ጭረት።

«እኔ ነኝ የሣልኩት» አለች። እንባዋ ይወርዳል። «ዶሮዋ እንዳትበሰብስ ብዬ ነው። ሚስማሩን የወሰዱት አባባ ቢሻው ናቸው።»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽው?»

«ሱቋ ባዶ እንዳትቀር ብዬ።»

ስኳር ጆንያው ላይ ዘጭ አልኩ። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ሦስት ጊዜ «እማዬ» ብላኛለች። ሦስት ጊዜ «አሁን አይደለም» ያልኳት እኔ ነኝ።

አፌን ዘጋሁት።

«እማዬ፣ እንቁላሎቹ እየቀዘቀዙ ነው!»

እጇን ያዝኩ። ሱቋን እንኳ አልዘጋሁም። ሮጥን!

ጭቃው ያዳልጣል። የስመኝ አንድ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። «ተይው! ሩጪ!»

ጋሪው ሩቅ ነው። ትንሽ ሆኗል። እየራቀ፣ እያነሰ ሄደ።

«ቁም!» አልኩ። «ቁም!» አለች ስመኝ። «ቁም! ቁም! ቁም!» አልን።

ደመላሽ አልሰማም። ዝናቡ ጠጠጠጠ፣ ፈረሱ ኮ! ኮ! ኮ!

ድንገት ከላይ ሌላ ድምፅ ሰማን። ኳ! ኳ! ኳ!

አባባ ቢሻው ናቸው! ጣሪያቸው ላይ ወጥተው ሚስማር ይመታሉ። በአንድ እጃቸው መዶሻ፣ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ!

«ምነው? ምን ሆናችሁ?» ብለው ጮኹ።

«ጋሪውን! አባባ፣ ጋሪውን ያስቁሙልን!»

አባባ ቢሻው ከላይ ሆነው ያንን ጃንጥላ አውለበለቡት። ወዲያ! ወዲህ! ወዲያ! ወዲህ! ጣታቸውንም አፋቸው ውስጥ ከትተው አፏጩ። ፉዊዊዊት!

ደመላሽ ዞሮ አየ። ፈረሱን ሳበ። ኮ! ኮ… ኮ።

ቆመ!

ደርሰን ዶሮዋን አቀፍኳት። «ምነው፣ ሐሳብሽን ቀየርሽ እንዴ?» አለ ደመላሽ።

«ዶሮዋ የእኔ አይደለችም» አልኩት።

አባባ ቢሻው ከጣሪያ ወርደው፣ እየተንፏቀቁ እየተንሸራተቱ መጡ። ነገሩን በመንገድ ላይ ነገርኳቸው።

«የእኔን ሚስማር ለደብሪቱ? አይ ይታይሽ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጃንጥላቸውን ግን ከዶሮዋ በላይ ዘረጉላት። እሳቸው በሰበሱ።

ስመኝ ቀና ብላ አየች። ዶሮ። ከዶሮዋ በላይ ጃንጥላ።

«እማዬ፣ ሥዕሌ!» አለች በሹክሹክታ።

የእማማ ደብሪቱ በር ገርበብ ብሏል። ቀስ ብለን ገፋነው። ሲጢጥ!

እማማ ደብሪቱ ጥግ ላይ፣ በዶሮዋ ገለባ ላይ ተቀምጠዋል። በጋቢ ተጠቅልለዋል። አይንቀሳቀሱም።

ጋቢያቸውን ትንሽ ገለጥ አደረጉት። ጭናቸው ላይ አሥራ ሁለት እንቁላል!

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። «አንድ ሰው ማቀፍ አለበት አይደል?»

አባባ ቢሻው ሳቃቸው ሊመጣ ሲል በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

እኔ ግን ጉልበቴ ላይ ወደቅኩ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሚስማሩን አልወሰዱም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እኔም ነኝ» አለች ስመኝ። «ጃንጥላውን ሣልኩ። ከዚያ ደበቅኩት። ከዚያ ፈራሁ።»



«መጀመሪያ ዶሮዬን ፍቺልኝ» አሉ እማማ ደብሪቱ። «እግሬ ደንዝዟል።»

ዶሮዋን ፈታናት። እንቁላሎቹን ገለባው ላይ አንድ በአንድ አስቀመጥን። ስመኝ ነካቻቸው። ለብ ይላሉ።

ዶሮዋ ቆመች። እንቁላሎቹን አየች። አልተቀመጠችም።



አንድ ጊዜ ዞረች። ሁለት ጊዜ ዞረች። በመንቆሯ አንዱን ገፋ አደረገችው። ቁቅ?

ከዚያ ክንፏን ዘርግታ፣ ሁሉንም ከታች ሰብስባ፣ ተቀመጠች። ቁቅ።

«ዶሮዬ ይቅር ብላለች» አሉ እማማ ደብሪቱ። «እኔ ግን ገና ነኝ።»

«ምን ላድርግልዎት፣ እማማ?»

«ሰው ፊት ወስደዋል ብለሽኛል። ሰው ፊት አልወሰዱም በዪኝ።»

ስመኝ ቀስ ብላ ጠየቀች። «ጫጩቷስ? አሁንም የኔ ናት?»

«እስቲ መጀመሪያ ይፈልፈሉ» አሉ። አልሳቁም።

ሰኞ ጠበቅን። ማክሰኞ ጠበቅን። ስመኝ ምግብ እንቢ አለች። እኔም ቢሆን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ረቡዕ ሁለተኛው ገበያ ነው። ሱቋ በሰው ተሞላች። «ሳሙና!» «ስኳር!» «ለእኔ መጀመሪያ!»

እማማ ደብሪቱ መጡ። ራሳቸው ላይ ፌስታል፣ በእጃቸው የተሸፈነ ቅርጫት። በር ላይ ቆመው አዩኝ።

ልቤ መታ። ድው! ድው! ድው!

የሳሙና ካርቶን ላይ ወጣሁ። ካርቶኑ ጭፍልቅ አለ! ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ስኳር ጆንያው ላይ ወጣሁ።

«ስሙኝ!» አልኩ። «እማማ ደብሪቱ ሚስማር አልወሰዱም! ሳላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ! ልጄ ልትነግረኝ ስትል ያልሰማሁትም እኔ ነኝ!»

«ሚስማሩ የእኔ ነው!» አሉ አባባ ቢሻው፣ አንድ ጣሳ ማር ወደ ላይ ከፍ አድርገው። «ጣሪያዬን ሂዱና እዩ! አንዲት ጠብታ አያስገባም!»

ያን ጊዜ እማማ ደብሪቱ ወደ ውስጥ ገቡ። ቅርጫቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ጨርቁን አነሱ።

ጪው! ጪው! ጪው!

አሥራ አንድ ጫጩት!

ስመኝ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። «አንዷስ?»

«አንዷ አልተፈለፈለችም።»

«በርዷት ነው? በእኔ ነው?»

እማማ ደብሪቱ ጉንጯን ዳሰሱ። «አላውቅም፣ ልጄ። አንዳንዷ እንዲሁም አትፈለፈልም። እነዚህ ግን የተፈለፈሉት ሮጣችሁ ስለደረሳችሁ ነው።»

ከዚያ ቢጫዋን አንስተው በስመኝ መዳፍ ላይ አስቀመጧት። ትንሽ። ሞቃት። ጪው!

«የኔ? የራሴ?»

«የራስሽ» አሉ እማማ ደብሪቱ። አሁን ሳቁ።

እኔ ላጲሴን አነሳሁ። ሁለቱን ጭረት ከዶሮዋ ሥር አጠፋሁ። ፈግ! ፈግ! ፈግ! በእንቁላል የከፈሉትን የጨው ነጥብም አጠፋሁ። ከዚያ ወደ ጃንጥላው ሄድኩ።

«እንዳትነኪው!» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ዶሮዬ በዕድሜዋ ጃንጥላ ይዛ አታውቅም!»

«አጥፊው እንጂ!» አሉ አባባ ቢሻው። «ነገ የእሷን ጨው እኔ ላይ ልትጭኚ ነው?»

«ጨው አንሶህ ነው!»

«ጃንጥላ አንሶሽ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ላጲሱ ግን በእጄ ቀረ።

አሁን መሽቷል። ስመኝ ተኝታለች። ጫጩቷ ከአልጋው አጠገብ ባለች ካርቶን ውስጥ፣ በአሮጌ ሹራብ ተሸፍናለች። ጪ…ው።

ስመኝ ዓይኗ ሊከደን ሲል «እማዬ» አለች።

«እሺ ስመኝዬ። ንገሪኝ፣ እየሰማሁ ነው።»

«ጃንጥላውን አጠፋሽው?»

«ገና ነኝ።»

«እሺ» ብላ ተኛች።

ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነው። ላጲሱን አነሳለሁ። እንደገና ጃንጥላ ሳይ ብሳሳትስ? ላጲሱን አስቀምጣለሁ። ልጄ እኮ ዶሮዋ እንዳትበሰብስ ብላ የሣለችው ነው።

እናንተ ልጆች፣ እኔ ጨንቆኛል። እስቲ ምከሩኝ።

ላጥፋው ወይስ ልተወው?